የታወቀ ሰው ቤት አደባባይ አይደለም

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት፣
ለጋዜጦች፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዋና አዘጋጆች፣
ለመዝናኛ ፕሮግራም አዘጋጆችና ለበይነ መረብ ቻናል ባለቤቶች፣
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በታዋቂ ሰዎችና በቤተሰቦቻቸው ላይ የሚሠሩ ዘገባዎች የሙያውን ሥነ ምግባር እንዲጠብቁ የቀረበ አቤቱታ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ አመልካች ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ የአንድ ድምፃዊ ታላቅ እኅት ነኝ። ወንድሜን አገር ያውቀዋል፤ እኔን የሚያውቁኝ ጎረቤቶቼና ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። የእርሱንም የእኔንም ስም እዚህ አላነሣም፤ ካነሣሁ ይህ አቤቱታ ራሱ ለነገ ቪዲዮ ርዕስ ይሆናልና። ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በታሸገ ፖስታ ከዚህ ጋር ቀርቧል። የበደለንን ቻናልም በስም አልጠራም። የመጣሁት አንድ ሰው ለማስቀጣት ሳይሆን አሠራሩ እንዲታረም ለመለመን ነው።

አቤቱታዬ በአጭሩ ይህ ነው። በሙያው የታወቀ ሰው ለሕዝብ የሰጠው ሥራውን ነው። የታመመበትን አልጋ፣ የልጆቹን ፊትና የእናቱን ልቅሶ አልሰጠም። ይህን ወሰን ሕጉም ባህላችንም ካሰመሩት ቆይተዋል። በየዕለቱ ሲጣስ እያየን ግን የሚከለክልም የሚገሥጽም አጣን። ዝርዝሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሞት ዜና

ወንድሜ ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን አንድ ቻናል ሞቷል ብሎ አወጣ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ሆኗል፤ ጎኑ ላይ ሻማ በርቷል፤ ከላይ በቀይ «ሰበር» ተጽፏል። እርሱ በዚያች ሰዓት ግሉኮስ እጁ ላይ እንደተሰካ ሾርባ እየጠጣ ነበር። እናታችን ያለችው ክፍለ ሀገር ነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ ሮጦ ገባና አሳያት። ደውዬ «እማዬ፣ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው» ብላት አላመነችኝም። እስኪነጋ ሊያቆዩኝ ነው ብላ አሰበች፤ መርዶ በሌሊት እንደማይነገር ታውቃለቻ! ዕድሩ ተጠራ፤ ድንኳን ሊተከል ሰው ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ ራሱ በደከመ ድምፁ እያናገራት እንኳ ልቧ አልተመለሰም፤ በልጅነቱ እርሷ ብቻ የምትጠራበትን ስም ካልነገረኝ አላምንም አለች። ያን ሌሊት የተነሣው ደም ግፊቷ ዛሬም አልወረደም።

በማግሥቱ ቪዲዮው የለም። ይቅርታም የለም። በምትኩ ያው ቻናል «ስለ ጤንነቱ እውነታው ይህ ነው» የሚል ሌላ ቪዲዮ አወጣ። ውሸቱን ያየው ሰው እርማቱንም እንዲያይለት አሰላ፤ ከሁለቱም ገንዘብ አገኘ።

ክቡራን፣ እኛ መርዶ በሥርዓት የምንነግር ሕዝብ ነን። የሰው ሞት ለዘመድ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ተጠርተው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ለመንገደኛ በመንገዱ ላይ አይነገርም፤ ለአራስና ለነፍሰ ጡር አይነገርም፤ ልቡ ለደከመ ሰው አጠገቡ የሚይዘው ሳይቆም አይነገርም። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያሉት ልጆቻችን ይህን ሥርዓት ይዘውት ሄደዋል፤ አገር ቤት ሰው የሞተባት ልጅ ካለች ጓደኞቿ ከሥራ እስክትወጣ ጠብቀው፣ ተሰብስበው ቤቷ ይሄዳሉ። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶቻችን ያኖሩልንን ይህን ጥንቃቄ ማይክሮፎንና ካሜራ የያዘ ሰው እንዴት ያጣዋል? የታወቀ ሰው እናት መርዶዋን ከማታውቀው ሰው ስልክ ላይ እንድትሰማ ማን ፈረደባት?

ሕዝብ የሚወደውን ሰው ዜና ዕረፍት መስማቱንና ማልቀሱን አልቃወምም። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በፋሲካው ዕለት ሲያርፍ አገር አልቅሶለታል፤ በክብር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብሯል። ያ ልቅሶ የሕዝቡ መብት ነበር። የምቃወመው ሳይረጋገጥ የሚለቀቀውንና ቤተሰቡን ቀድሞ የሚወጣውን ነው።

የመዝናኛ ወሬ ነው፣ ማንን ይጎዳል የሚሉ አሉ። ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም በተገደለ ማግሥት የሆነውን እናስታውስ። በተከተሉት ቀናት በሁከት ብዙ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘጋ። ያ ዜና እውነት ነበር፤ ሐዘኑም እውነት ነበር። ሕዝብ በእንዲህ ያለ ልብ በሚሰማበት አገር የታዋቂን ሰው ሞት ሳያጣሩ ማውራት እንደ ቀላል ስሕተት የሚታይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕመም

በሽታ የግል ነገር ነው። ይሁንና ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ፈቅዶ ለሕዝብ ሲነገር በጎ ይሠራል። ተዋናይ ፍቃዱ ተክለማርያም በ2010 ዓ.ም ከማረፉ በፊት ኩላሊቱን በታመመበት ጊዜ ሕዝቡ ለሕክምናው እጁን ዘርግቷል። መገናኛ ብዙኃን እንዲህ ላለው ሥራ ሲቆሙ እናመሰግናለን።

እኛ ያየነው ግን ሌላ ነው። ጠያቂ መስሎ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ የገባ ሰው በስልኩ ቀርጾን ወጣ። ወንድሜ ፀጉሩ ሳስቶ፣ አንሶላ ተከናንቦ የሚታይበት ምስል ለሽያጭ ቀረበ። አስተያየት ሰጪዎች በሽታውን እየገመቱ ስም አወጡለት። ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር እንኳ ከዚያ ምስል ተነሥተው ተነተኑ።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ለታወቁ ሰዎችና ለሕዝብ ሥራ ኃላፊዎች፣ በአደባባይም ለተፈጸመ ነገር ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ዘጋቢዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱልን ይህን አንቀጽ 28ን ነው፤ «የታወቀ ሰው ነው፣ ፈቃድ አያስፈልግም» ይሉናል። በትሕትና እመልሳለሁ። ልዩ ሁኔታው የሚሠራው ዝናው ምስሉን ማውጣት ተገቢ ሲያደርገው ነው። ዝናው መድረክ ላይ ሲዘፍን፣ ሽልማት ሲቀበል፣ ስታዲየም ውስጥ ሲሮጥ የተነሣውን ምስል ማሳየት ተገቢ ያደርገዋል። የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛን ሰው በስውር መቅረጽ ተገቢ የሚያደርግ ዝና ግን የለም። ያው ሕግ በአንቀጽ 30 ሰውየው ሲሞት ወይም ፈቃዱን መግለጽ ሲሳነው፣ ክብሩን የሚነካ ምስሉ እንዳይታይ የመቃወምን መብት ለቤተሰቡ ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 24 ክብርና መልካም ስምን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ «ከታወቁ ሰዎች በቀር» አላለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆችና ስለ ሴቶች

የወንድሜ ልጅ በትምህርት ቤቷ «አባትሽ እኮ አባትሽ አይደለም ይባላል» ተባለች። ወሬው ከየት መጣ ስንል አንድ የመዝናኛ ፕሮግራም የልጅቷን ፎቶ ከአባቷ ፎቶ ጎን አቁሞ «ትመስለዋለች ወይስ አትመስለውም?» ብሎ ለተመልካች አስመርጧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት መቅደም እንዳለበት ይደነግጋል። ያች ልጅ አልዘፈነችም፣ አልተወነችም፣ ቃለ መጠይቅም አልሰጠችም። በምን ዕዳዋ ለምርጫ ቀረበች?

በሴት አርቲስቶችና አትሌቶች ላይ የሚደርሰው ደግሞ ይብሳል። ወንዱ ስለ አዲሱ አልበሙ ሲጠየቅ፣ ሴቷ ለምን እንዳላገባች፣ ለምን እንዳልወለደች፣ ለምን እንደወፈረች ትጠየቃለች። ፍቺ ሲሆን ሳትሰማ ጥፋተኛ ተብላ የሚፈረድባት እርሷ ናት። ዓመታት ተለማምዳ ያሸነፈችው ውድድር ወይም የሠራችው ፊልም በፕሮግራሙ መጨረሻ፣ ሰዓት ካለቀ በኋላ ይነሣል።

አራተኛ፣ ስለ ርዕስና ስለ ወሬው ሰንሰለት

ርዕሱ «ጉድ ተሰማ» ይላል፤ ውስጡ ሲታይ ጉዱ የለም። ፎቶው የሚያለቅስ ሰው ያሳያል፤ ልቅሶው ከፊልም የተቆረጠ ነው። ማስታወቂያ የሚከፍለው በተመልካች ብዛት በመሆኑ ያልሆነውን ርዕስ ያወጣ ከሆነው ይልቅ ያተርፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እምብዛም የማይነገረው የሚቀጥለው ነው።

ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ማታ የለጠፈው ወሬ ጠዋት በኤፍ ኤም ሬዲዮ «ከማኅበራዊ ሚዲያ እንዳገኘነው» ተብሎ ይነበባል። ሬዲዮው ስላነበበው ድረ ገጽ «መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የመጀመሪያው ሰው ተመልሶ «ብዬ ነበር» ይላል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ሲገባ ምስክር ይዞ ገባ። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ አንድም ጋዜጠኛ ስልክ አንሥቶ ባለጉዳዩን አልጠየቀም። ስለዚህ ዋናው አቤቱታዬ ስሙን ሸሽጎ በሚለጥፈው ላይ ሳይሆን፣ ፈቃድ ይዞ፣ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ የዚያን ሰው ወሬ በሚያነበው ላይ ነው። ወሬውን ዜና ያደረገው እርሱ ነውና።

አምስተኛ፣ ስለሚከፈልበት ውዳሴ

ሥነ ምግባር ሲባል ስድብን መተው ብቻ አይደለም። ገንዘብ የተከፈለበት ቃለ መጠይቅ እንደ ዜና ይቀርባል። አልበም ሊወጣ ሲል የፍቅር ታሪክ ይፈጠራል፤ አልበሙ ሲሸጥ ፍቅሩ ያበቃል። በዚህ ውስጥ የራሳችን ሰዎችም እጅ አለበት፤ አልሸሽግም። በገዛ ፈቃዱ ቤቱን ለካሜራ የከፈተ አርቲስት ለከፈተው ያህል ይጠየቅ። ሳሎኑን ያሳየ ሰው ግን መኝታ ቤቱን አሳየ ማለት አይደለም፤ እርሱ ስለ ራሱ ማውራቱም ለሚስቱ፣ ለልጁና ለእናቱ ፈቃድ አይሆንም።

የማልጠይቀው

ቃሌ በስሕተት እንዳይተረጎምብኝ አንድ ነገር ልግለጽ። ታዋቂ ሰው አይነካ እያልሁ አይደለም። ፊቱን ለማስታወቂያ አውሶ ሕዝብ ያልተሠራ ቤት እንዲገዛ ያደረገ ሰው ካለ ይጠየቅ። በበጎ አድራጎት ስም የተሰበሰበ ገንዘብ የት እንደገባ ይመርመር። ቀብድ ተቀብሎ መድረክ ላይ ያልወጣ፣ ሴት ያስገደደ፣ ጠጥቶ መኪና የነዳ ካለ ስሙ ተጠርቶ፣ ማስረጃ ቀርቦ ይዘገብ። ወንድሜም ቢሆን! ይህ የጋዜጠኛ ግዴታ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ማንም ይታሰር አላልሁም። በጻፉት ምክንያት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ያየን ትውልድ ነን፤ በእኔ ቤተሰብ ዕንባ ሰበብ ሌላ ሰው እንዲታሰር አልፈልግም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር መተዉን እደግፋለሁ። ነገር ግን የወኅኒ ቤቱ በር ሲዘጋ የሙያው ኅሊና በር መከፈት ነበረበት። ፍርድ ቤት ለደሃ ቤተሰብ ሩቅ ነው፤ ጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ፍርዱ እስኪመጣ ወሬው ሥር ይሰዳል። ጋዜጠኞች ራሳችንን በራሳችን እናርማለን ብላችሁ ምክር ቤት ማቋቋማችሁ መልካም ነው። ቃሉ በሥራ እንዲታይ የምለምነውም ለዚህ ነው።

የሌላው አገር ልምድ ደንብ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምራል። የብሪታንያዋ ልዕልት ዳያና ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም ፓሪስ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች በተሽከርካሪ እየተከተሏት በመኪና አደጋ ሞተች። በመጋቢት 2000 ዓ.ም ለንደን ውስጥ ጉዳዩን የመረመሩ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) የተሳፈረችበትን መኪና ሾፌርም የተከታዮቿንም ከባድ ቸልተኝነት ለሞቷ ምክንያት አድርገዋል። ከሞቷ በኋላ የብሪታንያ አዘጋጆች የሥነ ምግባር ደንባቸውን አጠበቁ። የሚያስፈጽመው ግን ላላ። በ2003 ዓ.ም 168 ዓመት የኖረው ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ ጋዜጣ የሰዎችን የስልክ መልእክት በስውር ሲያዳምጥ መኖሩ ተጋልጦ ተዘጋ። ስልካቸው ከተጠለፈባቸው መካከል ከታዋቂዎቹ ጋር አንዲት የተገደለች የ13 ዓመት ተማሪ ነበረችበት። በታዋቂው ቤት የተለመደ ድፍረት በተርታው ሰው ቤት ማብቃቱ አይቀርም። ዛሬ የእኛን በር ያንኳኳው ነገ የማንንም ያንኳኳል።

የምጠይቀው ዳኝነት

ስለዚህ ምክር ቤቱና አዘጋጆች የሚከተለውን እንድትወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1. የማንም ሰው ሞት ከቅርብ ቤተሰቡ ወይም ከታከመበት ሆስፒታል ሳይረጋገጥ እንዳይወጣ። የተረጋገጠም ቢሆን ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች መርዷቸውን ሳይሰሙ ስሙ እንዳይነገር።

2. የታመመ ሰው የሕክምና ዝርዝርና ምስል ያለ ራሱ ፈቃድ፣ እርሱ ካልቻለ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ እንዳይታይ። በስውር የተቀረጸን ምስል የሚያሠራጭ ጣቢያ ራሱ እንደቀረጸው እንዲቆጠር።

3. የታዋቂ ሰዎች ልጆች ፊት፣ ስምና ትምህርት ቤት ከዘገባ እንዲወጣ፤ የማንም ልጅ አባትነት የመዝናኛ ርዕስ እንዳይሆን።

4. ርዕስና ፎቶ ውስጡ ያለውን ብቻ እንዲናገሩ።

5. የተሳሳተ ዘገባ በዝምታ እንዳይሰረዝ፤ እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ድምፅ እንዲነገር። በአዋጁ የተሰጠው የመልስ መብትም ለባለጉዳዩ ሳይለመን እንዲፈጸምለት።

6. የምክር ቤቱ አባል የሆነ ጣቢያ ባለቤቱ ካልታወቀ ገጽ የተገኘን ወሬ፣ ባለጉዳዩን ራሱ ሳይጠይቅ እንዳያነብ። ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ሰንሰለቱ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነውና።

7. የተከፈለበት ዝግጅት የተከፈለበት መሆኑ በግልጽ እንዲነገር።

8. ቅሬታ የሚቀበል፣ ስልኩና አድራሻው በየጣቢያው የሚነገር አንድ ክፍል እንዲሰየም፤ ውሳኔውም ጥፋት በተገኘበት ጣቢያ ላይ እንዲነበብ። በበይነ መረብ የሚሠሩ ቻናሎች ደንቡን እንዲፈርሙ ይጋበዙ፤ የፈረሙትም ያልፈረሙትም በስም ለሕዝብ ይገለጹ።

ለተመልካችና ለአድማጭም አንድ ቃል አለኝ። ያን ሌሊት በወንድሜ ሐሰተኛ ሞት ላይ ያተረፈው ቻናል ያተረፈው እኛ ስለከፈትነው ነው። «ሰበር» የሚል ሲመጣብህ ወንድሜ፣ ሲመጣብሽ እኅቴ፣ መጀመሪያ ማን እንዳለው ጠይቁ፤ ያለው ሰው ስሙን ካልጻፈ አትክፈቱ፣ አታስተላልፉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያሉት አባቶች ስምን በቁሙ ስለሚቀብር ሰው አላሰቡም ነበር።

ክቡራንና ክቡራት፣ ይህን አቤቱታ ያቀረብሁት ለወንድሜ የተለየ መብት ለማግኘት አይደለም። ለማንም ተርታ ሰው የሚገባው ክብር ስለታወቀ ብቻ እንዳይነፈገው ነው። ምክር ቤቱ አቤቱታዬን ተመልክቶ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ፣ ውሳኔውንም ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በትሕትና እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ ዝም አልልም፤ በሕግ የተፈቀደልኝን መንገድ ሁሉ እከተላለሁ።

ከላይ ያቀረብሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

አመልካች